በ51,124 ዶላር የተገዛ 685 ዓመት

ገላን ኮንዶሚኒየም ካሉት የሞባይል ዕቃ ሱቆች ከአንዱ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ገዛችሁ እንበል። «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» የተባለውን ዝነኛ የካውቦይ ጌም ልትይዙበት ብታስቡ አይሆንም፤ ጌሙ 150 ጊጋባይት ቦታ ስለሚጠይቅ አሥር ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። «አንደርቴል» የሚባለው ጌም ግን የሚጠይቀው 200 ሜጋባይት ብቻ ነው። በዚያው በአንዱ ፍላሽ ላይ ሰማንያ ጊዜ ይገለበጣል። ለአንድ ካውቦይ የሚሆነው ቦታ 750 አንደርቴል ይይዛል ማለት ነው።

ትንሽ ፋይል ሞልቷል፤ ይህ ብቻውን ለወሬ አይበቃም። ለወሬ የሚበቃው ያ 200 ሜጋባይት የደረሰበት ቦታ ነው። ታኅሣሥ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እኛ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ቫቲካን ውስጥ ሕዝብ ተቀብለው ነበር። በዕለቱ የሰርከስ ሰዎች በፊታቸው ትርኢት አሳዩ። ትርኢቱን ካጀቡት ሙዚቃዎች አንዱ «ሜጋሎቫኒያ» ይባላል። አንደርቴል ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ሲገድል የመጣ ተጫዋች በመጨረሻ ፍርዱን የሚቀበልበት ፍልሚያ ሙዚቃ ነው። ጳጳሱ ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አልገምትም።

እስቲ ገንዘቡን እንቁጠር። ቶቢ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በሰኔ 2005 ዓ.ም. ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ በኩል 5,000 ዶላር እንዲያዋጡለት ሰዎችን ጠየቀ። በአንድ ወር ውስጥ 2,398 ሰዎች 51,124 ዶላር ሰጡት። ለአንድ ሰው ሲካፈል 21 ዶላር ከምናምን ነው። ወደ ሰፈራችን አምጥተን ብናስበው፣ በአንድ ብሎክ 25 ቤት አለ ብለን ብንይዝ፣ 96 ብሎክ ሙሉ ሰው ከየቤቱ አንድ አንድ እየወጣ እንዳዋጣለት ይቆጠራል። የዚህን ያህል አባል ያለው ዕድር እኔ አላውቅም።

ብዙ ገንዘብ ይመስላል እንዴ? ጌሙ ለሽያጭ የወጣው መስከረም 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ልክ በአምስተኛው ቀን፣ መስከረም 9፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ሁለቱ የባቡር መስመሮች አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆኑ የፈጁት 475 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለአንድ ሜትር ወደ 14,000 ዶላር ይደርሳል። ለቶቢ ፎክስ የተዋጣለት ገንዘብ በዚህ ሒሳብ ወደ ቃሊቲ ቢዘረጋ አራት ሜትር ሐዲድ አይሞላም። አንድ ፉርጎ እንኳ አያቆምም። ባቡርና ጌም ይወዳደራሉ ማለቴ አይደለም፤ ባቡሩ ሰው ያመላልሳል። የገንዘቡ ማነስ እንዲታየን ብዬ ነው።

ከራሳቸው ከጌሞች ጋር ማወዳደር ካስፈለገ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት የቀረቡ የሶኒ ሰነዶች አሉ። ሊሸፈን የሚገባው ቁጥር በደንብ ሳይሸፈን ቀርቶ «ላስት ኦፍ አስ» ክፍል ሁለት 220 ሚሊዮን ዶላርና ወደ 200 የሚጠጉ ቋሚ ሠራተኞች እንደፈጀ ታየ። አንደርቴል ከሕዝብ ካሰባሰበው 4,300 ጊዜ ይበልጣል። አንደርቴልን ቶቢ ፎክስ ራሱ ጻፈው፣ ኮዱን ራሱ ሠራው፣ ሙዚቃውን ራሱ ደረሰው። ከሥዕሉ አብዛኛውን ቴሚ ቻንግ የተባለች ሠዓሊ አግዛዋለች። ሥራው 32 ወር ፈጀ። የኮንዶሚኒየም እጣ ለጠበቀ ሰው 32 ወር ምን አላት?

አሁን ወደሚያስደነግጠው ሒሳብ እንግባ። ጌሙ ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ተገምቷል። አንድን መንገድ ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመጫወት ስድስት ሰዓት ያህል ይበቃል። አንድ ሚሊዮን ሰው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወተው ብንል ስድስት ሚሊዮን ሰዓት ሆነ። ይህ 685 ዓመት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወደ ኋላ 685 ዓመት ብትቆጥሩ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በዙፋን ላይ ናቸው። ቶቢ ፎክስ በ32ቱ ወራት ውስጥ ምንም ሳይተኛ ሌት ተቀን ሠርቷል ብንል እንኳ የደከመው 23,360 ሰዓት ነው። እሱ አንዲት ሰዓት በሰጠ ቁጥር ሰው 257 ሰዓት መልሶለታል። ብዙዎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጫውተው አላቆሙም፤ ጌሙ ራሱ እንዲደገም ተደርጎ ነው የተሠራው።

ታዲያ በምን ያዛቸው? መልሱ መልኩ አይደለም። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በነበረ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ይመስላል፤ አንዳንዱ ጥግ ላይ ልጅ የሞነጫጨረው ነው ብትሉ አልከራከርም። መልሱ ከቁጥር ጋር ባለው ጠብ ውስጥ ይመስለኛል።

አርፒጂ የሚባለው የጌም ዓይነት፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድን ሰው ሆኖ ረጅም ታሪክ ውስጥ የሚገባበት፣ ሕጉ ከጥንትም አንድ ነው። ጭራቅ ታገኛለህ፣ ትገድላለህ፣ ነጥብ ይሰጥሃል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ሌቭልህ ያድጋል፣ ጉልበትህ ይጨምራል፣ ከዚያ ተለቅ ያለ ጭራቅ ትገድላለህ። ብዙ ሺህ ፍጡር ጨፍጭፈህ ስታበቃ ዓለምን ያዳንክ ጀግና ተብለህ ይጨበጨብልሃል። ይህን ተጫዋቹ አያስብበትም፤ ቁጥር ሲያድግ ደስ ይላል።

አንደርቴል ውስጥ አንድ ሕፃን ከተራራ ላይ ጭራቆች ወደሚኖሩበት የምድር ውስጥ አገር ይወድቃል። ሲጀምር የጉልበቱ ልክ 20 ነው። ከዚያ በኋላ በሚገጥመው እያንዳንዱ ፍጡር ላይ ምርጫ አለው፤ መምታት ወይም ምሮ መልቀቅ። ምሮ ለመልቀቅ ግን ቁልፍ መጫን ብቻ አይበቃም፤ የፊት ለፊቱን ፍጡር ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ሽምግልና እንደ መቀመጥ ነው፤ የከፋው ምን እንደሆነ ሳታውቅ አታስታርቅም። መሬት ላይ ተጋድሞ የሚያለቅስ መንፈስ አለ፤ መፅናናት ነው የሚፈልገው። ጋሻና ጎራዴ ይዞ የመጣ ውሻ አለ፤ መደባበስ እንጂ ሌላ አያምረውም። በደባበሳችሁት ቁጥር አንገቱ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ በመጨረሻ ከስክሪኑ ይወጣል። ይህን ያሰበ ሰው ጤነኛ ነው ወይ ያሰኛል፤ ግን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

ማንንም ሳይገድል የሄደ ተጫዋች መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ስንት ነው? ያው 20። አንድም ነጥብ አላደገም። ስድስት ሰዓት ደክሞ በቁጥር ሲታይ የጀመረበት ቦታ ላይ ነው ያለው። የወዳጆቹ ብዛት ብቻ ነው የተለወጠው፤ እሱን ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚቆጥርለት ሰሌዳ የለም።

በሌላው መንገድ የሄደ ደግሞ አለ። ሁሉን ለመግደል የወሰነ። ጌሙ ለእሱም ድብቅ ሒሳብ ይዞለታል፤ በመጀመሪያው ሰፈር 20፣ በበረዶው ከተማ 16፣ በፏፏቴው 18፣ በሞቃቱ አገር 40። ድምሩ 94 ነው። በሌላ ጌም 94 ጭራቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እዚህ ግን የሰፈሩ ቁጥር ሲሞላ ሙዚቃው ይዘገያል፣ ይጎረብጣል፤ ጠላት ፍለጋ ብትዞሩ የሚመጣ የለም። ሱቁ ክፍት ነው፣ ባለ ሱቋ ግን ሸሽታለች። በእርግጥ 94 ሰው የሚያህል ጉድለት በአንድ አገር ላይ እንዲህ ነው የሚታየው። ሌሎቹ ጌሞች በሺህ የሚቆጥሩትን ይህ በአንድ በአንድ ይቆጥረዋል።

የዚህ መንገድ የመጨረሻ ጠላት ሳንስ ይባላል። አጭር፣ ወፍራም፣ ሰነፍ፣ ቀልደኛ አፅም ነው። መረጃው ሲታይ ጉልበት 1፣ ማጥቃት 1፣ መከላከል 1 ይላል። እስኪደርሱበት ድረስ ሌቭል 19 የገባው ተጫዋች ጉልበቱ 92 ሆኗል። 92 ለ1። ጨዋታው አልቋል የሚያሰኝ ሒሳብ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጌሙ በሰከንድ 30 ምስል ያሳያል፤ የሳንስ ምት የነካህ እንደሆነ በእያንዳንዱ ምስል አንድ ነጥብ ይወስድብሃል። አንድ በሠላሳ ሲባዛ፣ 92 ነጥብ በሦስት ሰከንድ ተንኖ ይጠፋል። አንተ የምትሰነዝረውን ደግሞ እሱ ቆሞ አይጠብቅም፤ ዞር ይላል። የጌሞች ሁሉ ልማድ ጠላት ቆሞ መመታቱ ነውና ዞር ማለቱ ራሱ እንደ ስድብ ይቆጠራል። በዓለም ላይ ስንት ሰው በዚህ ባለ 1 ነጥብ አፅም እጅ ስንት ጊዜ እንደሞተ ሊቆጠር አይችልም። ቫቲካን የደረሰው ሙዚቃም የእሱ ነው፤ ከ101ዱ የጌሙ ሙዚቃዎች አንዱ።

ሌላም ነገር አለ። ጌሙ ያስታውሳል። ገድላችሁ ተጸጽታችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ብትምሩ፣ አንድ ገጸ ባሕሪ መጥቶ የሠራችሁትን አውቃለሁ ይላችኋል። ሁሉን የጨረሰ ሰው ደግሞ ዓለሙን እንደ አዲስ ለመጀመር ነፍሱን እንዲሸጥ ይጠየቃል፤ ከሸጠ በኋላ ምንም ያህል ደግ ሆኖ ቢጫወት የመልካሙ ፍጻሜ መጨረሻ ላይ ጠባሳው ብቅ ይላል። ጌሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተደበቀውን ፋይል ፈልጎ መሰረዝ አለበት። ለአሥር ዶላር ጨዋታ ይህ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከባዶ አልመጣም፤ ከኋላው ያለው ቁጥር ደግሞ በማነሱ የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሺገሳቶ ኢቶይ የተባለ ጃፓናዊ ጸሐፊ «ማዘር 2» የሚባል እንግዳ የሆነ አርፒጂ አወጣ፤ በጎራዴ ፈንታ ቤዝቦል ዱላ የያዘ ልጅ በተራ ከተማ ውስጥ የሚዞርበት። ጃፓን ውስጥ 518,000 ገደማ ተሸጠ። በዓመቱ «ኧርዝባውንድ» ተብሎ አሜሪካ ሲገባ አሳታሚው ኩባንያ «ይህ ጌም ይገማል» የሚል መፈክር ይዞ፣ ሲፋቅ የሚሸት ማስታወቂያ በመጽሔት ላይ አትሞ አስተዋወቀው። በእውነትም ገዢ ሸሸው፤ ወደ 140,000 ብቻ ተሸጠ። ኪሳራ ተብሎ ተዘጋ።

የገዙት ግን አልተዉትም። ተከታዩ «ማዘር 3» እ.ኤ.አ. በ2006 ለጃፓን ብቻ ሲወጣ፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ወዳጆቹ ኩባንያውን ለምነው ሲያቅታቸው ራሳቸው ሊተረጉሙት ተነሡ። ያለ ክፍያ ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው በጥቅምት 2001 ዓ.ም. አወጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ100,000 ጊዜ በላይ ተወረደ። ኧርዝባውንድ አሜሪካ ውስጥ በጠቅላላው ከተሸጠው ጋር ሊስተካከል ብዙ አልቀረውም።

ከእነዚያ ወዳጆች መካከል ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ልጅ ነበር። ኧርዝባውንድን ፈታትቶ ለሃሎዊን በዓል የሚሆን የራሱን ታሪክ ሠራበት። ለዚያም አንድ ሙዚቃ ደረሰለት፤ ስሙን ሜጋሎቫኒያ አለው። ልጁ ቶቢ ፎክስ ነው። ከከሰረው ጌም ቫቲካን እስከ ደረሰው ሙዚቃ ያለው ርቀት 27 ዓመት አይሞላም።

የአንድ ሰው ጉልበት ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት አንደርቴል ብቸኛው ምሳሌ አይደለም። ኤሪክ ባሮን የተባለው ወጣት ሲያትል ውስጥ ቲያትር ቤት በር ላይ እንግዳ እያስተናገደ፣ ለአራት ዓመት ተኩል ብቻውን «ስታርዲው ቫሊ» የተባለውን የገጠር ኑሮ አርፒጂ ሠራ። ማረስ፣ መዝራት፣ ጎረቤት መጠየቅ ነው ሥራው። የካቲት 18 ቀን 2008 ዓ.ም. ወጣ፤ እስከ 2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 41 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። የአገራችንን ሕዝብ ሢሶ ያህላል። ትናንት የእርሻ ማሳ በነበረ መሬት ላይ የተሠራ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ጎመን የሚተክል ሰው ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ወደ ገላን እንመለስና፣ እንዲህ ያለ ጌም በሰፈሩ ጌም ቤት አታገኙትም። ምክንያቱ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ጌም ቤት የሚኖረው በግጥሚያ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ ሁለት ተጫዋች፣ ከኋላ ተራ እየጠበቀ የሚያጨበጭብ ልጅ፣ ግጥሚያው ሲያልቅ ሒሳብ። አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ስድስት ሰዓት እንግሊዝኛ እያነበበ የሚስቅበት ጨዋታ ለባለ ቤቱ ምን ያተርፍለታል? ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። ጌሙ ሲወጣ ዋጋው አሥር ዶላር፣ ዶላሩም ወደ 21 ብር ነበርና 210 ብር ይበቃ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን ያው አሥር ዶላር ከ1,000 ብር ይበልጣል፤ ብሩ ቢገኝ እንኳ ወደ ውጭ በዶላር የሚከፍል ካርድ በየኪሱ የለም። ስለዚህ ጌም በእኛ ሰፈር በፍላሽ ነው የሚዞረው። ባለቤቱ ምንም አያገኝም። ይህን አላሞግሰውም፤ እንደሌለ ቆጥሬ ማለፍም አልፈልግም።

የጌሙ ወዳጆች ሁሉ የሚወደዱ ናቸው ብዬም አልዋሽም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ ተጫዋች ባዩ ቁጥር እንዲህ አድርግ፣ እዚያ ጋ አትምታ፣ እያሉ መድረሻ አሳጥተው ጌሙን ያስጠሉት ሰው ጥቂት አይደለም። ምሕረትን የሚያስተምር ጨዋታ እንዲህ ምሕረት የለሽ ደጋፊ ማፍራቱ ይደንቃል።

አፍሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር የሞከሩ አሉ። ያውንዴ፣ ካሜሩን የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ በአፍሪካ ተረትና ባህል ላይ የቆመውን «ኦሪዮን» የተባለ አርፒጂ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. አወጣ። እሱም ከሕዝብ ያሰባሰበው 50,000 ዩሮ ገደማ ነው፤ ከቶቢ ፎክስ ጋር ትከሻ ለትከሻ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ነው የሠሩት፤ ይህን ለእኛ ማስረዳት አያሻም። በአዲስ አበባ ደግሞ ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ»ን፣ ቀጥሎም «ገበጣ»ን በስልክ ላይ አምጥቷል። ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ሳቅም ታመጣለች፤ ረጅም ታሪክ የሚነበብበት፣ ገጸ ባሕሪው ልብ ውስጥ የሚቀር የአማርኛ አርፒጂ ግን ገና አላየሁም፤ ለማየት ጓጉቻለሁ። ተረት፣ ቀልድ፣ አሽሙር በሞላበት ቋንቋ ይህ መታጣቱ ያስቆጫል። የሚጎድለን 220 ሚሊዮን ዶላር አይደለም፤ አራት ሜትር ሐዲድ በማይሞላ ገንዘብ የተሠራውን አይተናል።

አንደርቴል የተሠራበት ጌምሜከር የተባለው መሣሪያ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለንግድ ላልታሰበ ሥራ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ሠርቶ ለመሸጥ ለሚፈልግ የአንድ ጊዜ ፈቃድ ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነው። ያረጀም ቢሆን ላፕቶፕ ያላችሁ የገላን ልጆች ሞክሩት። መጫወቱን ብቻ ለምትፈልጉም መንገድ አለ፤ ቶቢ ፎክስ ከአንደርቴል ቀጥሎ እየሠራ ያለው «ዴልታሩን» የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች በነፃ ያቀርባል፤ ካርድም ፍላሽም አይጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ የት ጋ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ማንንም አትጠይቁ።